ወጣሁ ብላ የቀረችው

ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ የኔ ቆንጆ… አንገትሽን ወደ ኋላ ጣል አድርጊው፣ ገንዳው አይነክስም። ውሃው ሞቀሽ? ቀዘቀዘሽ? እንዲህ ይሁን? እሰይ። ትምህርት ቤት ተዘጋ አይደል? ያስታውቃል፣ ፊትሽ ላይ ደም ገባ እኮ! አርባ ሕፃን ስታስተምሪ ከርመሽ ጸጉርሽ በራስሽ ላይ መገኘቱም ትልቅ ነገር ነው። ጫፉን ትንሽ እንቀንሰዋለን… አይዞሽ፣ ትንሽ ነው ያልኩት። የጸጉር ሠሪ ትንሽና የሌላ ሰው ትንሽ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቃሌን እጠብቃለሁ።

ስልክሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንጫጫው? ጭንሽ ላይ ጫጩት የታቀፍሽ ነው የሚመስለው። ግሩፕ ነው? ስንት አለሽ? … ሠላሳ አንድ! ውይ በሞትኩት! ሠላሳ አንድ ግሩፕ ተሸክመሽ ነው ይሄ አንገት ቀጥ ብሎ የሚሄደው? የወላጆች ኮሚቴ፣ እሺ። የአስተማሪዎች፣ እሺ። አስተማሪዎች ያለ ርዕሰ መምህሯ… እሱማ ግድ ነው። የአክስትሽ ልጅ ሠርግ… መቼ ነበር ሠርጉ? የዛሬ ሦስት ዓመት? እነሱ ሁለት ልጅ ወልደዋል፣ ግሩፑ ግን እስካሁን አዳራሽ እየመረጠ ነው?

እና መውጣት ፈልገሽ አፈርሽ። ገባኝ። "እገሊት ወጣች" የሚል ጽሑፍ ሰው ሁሉ ፊት ሲለጠፍ በሩን በርግደሽ የሄድሽ ይመስላል። "ምን አስቀየምናት?" ይላሉ። "ድሮም ልቧ የለም" ይላሉ።

ለዚህ ለዚህማ እኔ አማካሪ አይደለሁም። እኔ ምን አውቃለሁ? ሦስት ወንበርና አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ያለኝ የጥግ ቤት ጸጉር ሠሪ ነኝ። አንዲት የማውቃት ሰው አለች እንጂ፣ የግሩፕ አወጣጥ የሚባል ጥበብ ካለ ከሷ ነው መማር። እንደሷ አምሮበት ከግሩፕ የወጣ ሰው እኔ በዕድሜዬ አላየሁም…

ቀስ በይ? ለምን ቀስ እላለሁ? … እሳቸው ናቸው ያሳሰቡሽ? እዚያ ካስኩ ስር ያሉት እመቤት? አይሰሙም፣ አታስቢ። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ወፍጮ ቤት እንደተኛ ነው። ዛሬ ነው የመጡት፤ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ሻርፕ ተከናንበው። "ታጥቤ ልጠቅለል" አሉኝ። አጠብኳቸው፣ ቢጉዲኑን ጠቀለልኩላቸው፣ አስገባኋቸው፣ አለቀ። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም። ያማረ ጸጉር አላቸው፤ የባለሙያ እጅ የለመደ ጸጉር ያስታውቃል። አሁን መጽሔት እያነበቡ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሩብ ሰዓት ቆዩ… አጥብቀው የሚያነቡ ሰው ናቸው መሰለኝ።

እና ስለዚያች ሰው ልንገርሽ። ስድስት ነበርን። ሥልጠና ቤት ነው የተዋወቅነው፤ አንድ ገንዳ፣ አንድ ጫፉ የተሰበረ መስታወት፣ ስድስት ሴት ልጅ። መለማመጃ ጸጉር ስለሌለን እርስ በርሳችን ነበር የምንለማመደው። ይሄውልሽ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ይታይሻል? በጸጉር መተኮሻው ፒያስትራ ያቃጠለችኝ እሷ ናት። ሰው ለወዳጁ ፎቶ ይሰጣል፣ እሷ ደግሞ የማይጠፋ ነገር ነው የሰጠችኝ። ለጋስ ናት። ኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች፤ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት፣ እኔው ነኝ ሳባብላት የዋልኩት።

አልዋሽም፣ የኔ ቆንጆ፣ ትወደድ ነበር። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከጎኔ ያልተለየችው እሷ ናት። አፍንጫዬን እንኳ የጠረገችልኝ እሷ ናት። እህት ብትኖረኝ ከዚህ በላይ ምን ታደርግልኝ ነበር?

ሥልጠናውን ስንጨርስ በየፊናችን ተበተንና ግሩፕ ከፈትን። "ስድስቱ ማበጠሪያዎች"። ፎቶው መቀስ ነው፤ ማበጠሪያ ፈልገን መቀስ አገኘን፣ ተውነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ። እንዴት ያለ ግሩፕ መሰለሽ! ቀለም የያዘ አልያዘ እንባባላለን፣ ያስቸገረች ደንበኛ ስትኖር እንማከራለን፣ ያመማት ቀን አንዷ የሌላዋን ደንበኛ ትሠራለች። ሳቂታዋ የምንላት አለች፤ እሷ ቮይስ ስትልክ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነው፣ ወሬው መጨረሻ ላይ ሁለት ቃል ነው። ረጅሟ አለች፣ ትልቋ አለች፣ ጭምቷ አለች። ጭምቷ በዓመት አንዴ ነው የምትጽፈው፤ ስትጽፍ ግን ሁላችንም ሥራ አቁመን እናነባለን።

ያቺ የማወራልሽ ግን ከሁላችን ተሻለች። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕድል ነው! ትልቅ ሳሎን ከፈተች፤ መስታወቱ ግድግዳ ሙሉ፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ካልሽ ተነሺ ሳትባዪ የማትነሽበት። ጸጉር ሠሪ መባል ቀረ፤ "ስታይሊስት" ሆነች። ደስ አለን! ከምሬ ነው፣ ደስ አለን። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ትሕትናዋ በረታ። ሁሉንም ታነባለች፣ ምንም አትልም። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው? እሷ ማዕድን ሆነች። አልፎ አልፎ ብቻ "ውዶቼ ባትሪዬ ሊዘጋ ነው፣ በኋላ አነባለሁ" ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሊዘጋ ነው። ሦስት ዓመት ያልዘጋ ባትሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከአንጀት ከተሰናበቱ ባትሪ አይገድም ነው ነገሩ…

ቀና በይ እስቲ፣ ፎጣውን ላስርልሽ። ወደ ወንበሩ ነይ። እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ጭምቷ ጻፈች። በዓመት አንዴ ያልኩሽ። የጸጉር ቤቷ ወለል ሳሙና ነክቶት ተንሸራታ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። የጸጉር ሠሪ ቀኝ እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አስቢው፤ ያንቺ ድምፅ እንደመዘጋት ነው። ክፋቱ ደግሞ በሕይወቷ ትልቁን ሥራ ይዛለች፤ በመጪው እሑድ ሠርግ፣ አንዲት ሙሽራ ከስምንት ሚዜ ጋር። ሥራው ከቀረ ስሟም አብሮ ይቀራል። "እኅቶቼ፣ እጅ አበድሩኝ" ብላ ጻፈች። ይቺኑ ብቻ።

እኔ "መጣሁ" አልኩ። ረጅሟ "መጣሁ"። ትልቋ፣ ወገቧን እያመማት፣ "ካስክ ይዤ መጣሁ"። ሳቂታዋ ሳቀች፤ መጣሁ ማለቷ ነው። ያቺኛዋ… አነበበች። ማንበቧ ይታያል። ጠዋት አነበበች፣ እኩለ ቀን አነበበች። ስንት ጊዜ ይነበባል "እጅ አበድሩኝ"? ግጥም ነው እንዴ?

እኛም "አስቸኳይ ነገር ገጥሟት ነው" አልን። ምን እንላለን? የምትወጂው ሰው ዝም ሲል ምክንያት የምትፈጥሪለት አንቺው ነሽ።

አሁን ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ አንቺም መውጣት ስለምትፈልጊ። ስልክሽን አንሽ። የግሩፑን ስም ንኪው። አየሽ? ላይኛው ላይ ድምፅ ማጥፊያ አለ። ወደ ታች ውረጂ፣ ውረጂ… እታች በቀይ የተጻፈው ነው መውጫው። ድምፅ ማጥፋት ሌላ፣ መውጣት ሌላ! ይኼን ለይ። ያቺ ሰው ምን አደረገች መሰለሽ? ከኛ ልትወጣ አሰበች። ሥራ የሚበዛባት ሴት ናት፣ ቸኮለች፤ ላይኛውን ነካች። ስልኩ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል "ወጣሁ፣ ተገላገልኩ" ብላ አመነች። እንዲህ ያለ የዋህ አለ? በሩን ከውስጥ ዘግታ ውጭ ያለች የመሰላት!

የእሑዱን ጠዋት ልንገርሽ። አንድ ሳሎን ቤት፣ ዘጠኝ ሴት በየወንበሩ፣ እኛ አራት ባለ ሙሉ እጅና አንድ ባለ ግማሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ጸጉር ሠሪ ቢያብር ግን ስምንት ሚዜ ያደርሳል! የጸጉር ማድረቂያው ፎን ይጮሃል፣ ቢጉዲን ከእግር ስር ይንከባለላል፣ ሙሽራዋ ግማሽ ጸጉሯ ተጠቅልሎ ግማሹ ተንጨባርሮ "ታደርሱኛላችሁ?" ትላለች፣ የሙሽራዋ እናት በየአሥር ደቂቃው በሩን ከፍተው ያለቅሳሉ። ጭምቷ በፋሻ የታሰረ እጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በግራዋ ፒን እያቀበለችን ነው።

በዚህ መሀል የሁላችንም ስልክ ባንዴ ጮኸ። ግሩፑ ነው። የላከችው ያቺ ናት። ቮይስ! ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ!

ሳቂታዋ "መጣች! መጣች! አላልኳችሁም?" ብላ ዘለለች። ረጅሟ "መንገድ ጠፍቷት ነው የላከችው" አለች። እኔ… እኔማ፣ የኔ ቆንጆ፣ እንባዬ መጣ፤ "እሷ እኮ ናት፣ እንዴት ትቀራለች!" አልኩ። የኛ እጅ አረፋና ቀለም ነው። ነጻ ጣት ያላት ጭምቷ ብቻ ናት። በግራ አውራ ጣቷ ነካችው፣ ድምፁን እስከ ላይ ከፍ አደረገችው፣ ሁላችን እንድንሰማ ብላ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አይደል የሚሉት? ከፈተችው!

"ውይ ልጆች፣ በመጨረሻ ከዚያ የዶሮ መንጋ ወጣሁላችሁ!" ብላ ጀመረች። ለአዲሶቹ ወዳጆቿ ነው፣ ለስታይሊስቶቹ። የነሱም ግሩፕ ፎቶው መቀስ ነው አሉ፤ ስትቸኩል የኛን ነካች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሷ ሁለቱንም አልጣለችም፣ አቀያየረቻቸው እንጂ። ከዚያ በየተራ አነሳችን፤ ማንንም አልረሳችም፣ ማስታወሱንማ ታውቅበታለች። ሳቂታዋ "ጥርሷን እንጂ ጭንቅላቷን የማታሳይ"። ረጅሟ "መሰላል"። ትልቋ "ከነካስኳ ሙዚየም የሚገባት"። ጭምቷን ደግሞ… "እጇ ተሰበረ ብላ እሪ ትላለች፣ ሳይሰበርስ መቼ ትችልበት ነበር?"

ስለኔ? ስለኔ ያለችውን ተይው… ጸጉርሽ እርጥብ ነው፣ እንዳይበርድሽ።

ፎኑ ቆመ። ዘጠኝ ሴት፣ ባንድ መስታወት ውስጥ፣ ሁሉም ጭምቷን ያያሉ። ከሚዜዎቹ ሁለቱ የዚያች ሰው ደንበኞች ነበሩ፤ ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ጭምቷ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ማበጠሪያውን በግራ እጇ አነሳች። ሙሽራዋ ጀርባ ሄዳ ቆመችና "የቀኙን ጎን ማን ይያዝልኝ?" አለች። ይቺኑ ብቻ። ከዚያ በግራ እጇ፣ አንዱን ጥቅል በጥርሷ ይዛ፣ አንዱን በክርኗ ደግፋ፣ እንዲህ ያለ የሙሽራ ጸጉር ሠራች… እኔ በሁለት እጄ ሠርቼው አላውቅም። ሙሽራዋ መስታወቱን አይታ "ከዶሮ መንጋ ይኼ ከወጣ፣ ዶሮ ልሁን!" አለች። በሳቅ አለቅን! ሚዜዎቹ፣ እኛ፣ የሙሽራዋ እናት ሳይቀሩ፣ ለምን እንደምንስቅ ሳያውቁ። ሳቂታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቮይሱ ተሰረዘ። "ይህ መልዕክት ተሰርዟል"። ፈጣን ናት! እኛ ግን ሰምተን ጨርሰን ነበር።

እኛ ምን አልን? ምንም። አንዲት ቃል አልተነፈስንም። አየሽ፣ ብንሰድባት ይቅርታ ትላለች፣ ይቅር እንላለን፣ ያልቃል። ዝም ስንል ግን ሰምተናል? አልሰማንም? አታውቅም። አሁን ብትወጣ ደግሞ "አጥፍቻለሁ" ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ልትወጣ ስትጣደፍ የነበረች ሴት መውጫ አጣች! ስንፈልጋት ኖረን ያጣናት ሰው፣ ባንዴ ከግሩፑ የማትጠፋ ሆነች። በየጠዋቱ የአበባ ስቲከር። "መልካም ቀን እኅቶቼ"። "ሠርጉ እንዴት ነበር?" "የጭምትዬ እጅ እንዴት ሆነ?" ያ ባትሪ ዳነ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እሷ በአበባ ልታሸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ! ስንት ዓይነት አበባ እንዳለ እኔ ያወቅኩት ከሷ ነው።

ከዚያ መውጣት የጀመርነው እኛ ነን። በጨዋ ደንብ፣ ተሰናብተን። መጀመሪያ ትልቋ፤ "ዓይኔ ደክሟል፣ ስልክ ቀንሺ ተብያለሁ፣ ሰላም ሁኑልኝ"። በሳምንቱ ረጅሟ፤ "ስልኬ ሞላብኝ"። ሳቂታዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ውዶቼ፣ ባትሪዬ ሊዘጋ ነው"! ጭምቷ "እጄ ድኗል፣ አመሰግናለሁ" ብላ ወጣች። ያመሰገነችው ማንን ነው? … እኔም አልገባኝም።

ሁለታችን ቀረን። እሷና እኔ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ እንቢ አለኝ። አራት ቀን ቆየሁ። በየጠዋቱ አበባዋ ይመጣል፣ አየዋለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ልመልስላት ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። ያ ስለኔ ያለችው ነገር ባይኖር እመልስላት ነበር።

ምን አለች አልሽኝ… "ያቺ ደግሞ እናቷ ስትሞት ሦስት ቀን አፍንጫዋን ስጠርግ ሞቼ ነበር፣ በሩ መቼ ተከፍቶ ባመለጥኩ" ነው ያለችው። ሦስቱን ቀን! እኔ እኮ እነዚያን ሦስት ቀን ነበር እንደ ንብረት ያስቀመጥኳቸው።

አይ፣ አላለቀስኩም፣ የቀለሙ ሽታ ነው። ሳቂ እንጂ አንቺ ደግሞ! መጨረሻው ያስቃል። ከመውጣቴ በፊት አድሚን አደረግኳት። ባለቤት አልባ ግሩፕ ጥሩ አይደለም። ስሙንም ፎቶውንም አስረክቤያት፣ እታች በቀይ የተጻፈውን፣ እውነተኛውን፣ ነካሁ። አሁን "ስድስቱ ማበጠሪያዎች" የሷ ነው። አባላት ብለሽ ስትነኪው አንድ ሰው ይላል። ማንም አያቋርጣት፣ ማንም አይጨቃጨቃት፣ ስብሰባ ብትጠራ ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል። ጽናቷን ደግሞ ይስጠኝ፤ አሁንም አልፎ አልፎ አበባ ትልክበታለች አሉ። ማን ነገረሽ አትበይኝ፣ ከነዚያ ከሁለቱ ሚዜዎች አንዷ እስከ ቅርብ ጊዜ እዚያው ሳሎን ትሄድ ነበር። አሁን ሁለቱም ጸጉራቸውን ጭምቷ ጋ ነው የሚሠሩት።

እኛማ… ይሄ የሚጮኸው ያንቺ ስልክ አይደለም፣ የኔ ነው። አዎ፣ ሌላ ግሩፕ። ያኔውኑ፣ ሠርጉ ቤት፣ ሙሽራዋ ናት የከፈተችልን። "የዶሮ መንጋ"! ፎቶው መቀስ አይደለም፣ ዶሮ ናት፣ ከሩቅ የምትለይ።

ትናንት ጭምቷ ጻፈችበት። በዓመት አንዴ ያልኩሽ። "እንጨምራት ይሆን?" አለች። አየሽ ልብ? እጇን የተሰደበችው እሷ፣ የምትለምንላት እሷ። ሌሎቹ "አንቺ እንዳልሽ" ብለው ለኔ ተዉት። እና ዛሬ ጠዋት ሳስብበት ነበር፣ እኒህ እመቤት በሩን ከፍተው ሲገቡ።

ካስኩ ጠፋ? … መቼ? ውይ፣ ለካ ከጠፋ ቆይቷል! ይቅርታ እመቤት፣ በወሬ ተይዤ። ይምጡ፣ እዚህ አጠገቧ ይቀመጡ፣ ቢጉዲኑን ላውጣልዎት። መነጽሩን አያውልቁ፣ አያስቸግረኝም። አንገትዎ ላብ በላብ ሆነ እኮ፣ ሙቀቱ በዛብዎት? መጽሔቱም አሁንም ያቺው ገጽ ላይ ነው…

ምን እያልኩሽ ነበር የኔ ቆንጆ? አዎ፣ እንጨምራት ወይስ አንጨምራት። እኔ የሰው ሰላም መንካት አልወድም። ወጣሁ፣ ተገላገልኩ ያለች ሴት እንዴት መልሼ ጫጫታ ውስጥ እከታለሁ? ነውር አይደለም? ክፉም አልመኝላትም፤ አብረን አንድ ገንዳ ላይ ያደግን ነን። እንዲያውም ከልቤ ነው የምመርቃት፣ አንቺም አሜን በይ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ እመቤት፣ ምርቃት ለማንም አይከፋም…

ፈጣሪ ያንን የተመኘችውን ሰላም እስከ ዕድሜዋ ጫፍ ያትረፍርፍላት። "የት ጠፋሽ?" የሚል ሰው አያድክማት። ደስታዋን የሚሻማት፣ ሐዘኗ ላይ የሚጨናነቅባት አይኑር። የምታለቅስበት ቀን ቢመጣ እንኳ… አፍንጫዋን ልጥረግ ብሎ በሩ እስኪከፈት የሚጨነቅ ሰው አጠገቧ አይገኝ።